ዋና ዳይሬክተሩ ጉዞ ላይ ናቸው

ፀዳል የድሬዳዋ ልጅ ናት። እናቷ የውብዳር ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አንድ ፈረንሳዊ መምህር ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበርና፣ ልጅቷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998 ማለት ነው፣ በባቡር ይዛት መጣች። ፀዳል ከባቡሩ ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን እንደ ጥፊ መታትና «እማዬ፣ የሆነ ቤት እየተቃጠለ ነው!» አለች። ማንም ቤት አልተቃጠለም ነበር። ከተማዋ ራሷ እንደዚያ ናት።

መምህሩ ደግ ሰው ነበር። ትምህርት ቤት አስገባት። ፈረንሳይኛውን ከእሱ፣ ሶማሊኛውን ከሰፈር ልጆች ለቃቀመች። አገሩ ሲመለስም ማንም አይገዛልኝም ብሎ ያሰበውን አሮጌ ኮምፒውተር ትቶላት ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የውብዳር ጉልበቷ ሙቀቱን አልችል ብሎ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ፣ ፀዳል «ይህን ሁሉ ሽቦ ተሸክሜ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። ሽቦው ሰበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ልቧ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ቀልጦ ነበር። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ ደንበኛ ሲጠፋ የሰው ድረ ገጽ እየከፈተች እንዴት እንደተሠራ ትፈታታ ነበር። ስትፈታታ መገጣጠሙንም ቻለችበት። ሥራዋን ለቅቃ በግሏ ድረ ገጽ መሥራት ስትጀምር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

የምትኖረው አርሂባ ሰፈር፣ ከወደቡ አጠገብ፣ የእትዬ አሰፋሽ ምግብ ቤት ጀርባ ካለች አንዲት ክፍል ነው። ከአዲስ አበባ ጭነት ሊያነሱ የሚወርዱ ሾፌሮች የሚበሉት አሰፋሽ ጋ ነው። አሰፋሽ ድምፅዋ ከተሳቢ መኪና ጥሩምባ አይተናነስም። ሾፌር ሲያጉረመርም ዝም የምታሰኘው በዚያ ድምፅ ነው፣ ሲታመም የምትጠይቀውም በዚያው ድምፅ ስለሆነ፣ የማያውቃት ሰው እየተሰደበ ይሁን እየተጠየቀ አይለይም።

ፀዳል ሥራ በጀመረች ሰሞን መኪና የሚያከራይ አንድ ሰውዬ ዘንድ ሄደች። የሠራችለትን ናሙና አሳየችው። ሰውዬው አየ፣ ወደደ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ጥሩ ነው። አለቃሽ መቼ ይመጣል?» አላት።

«አለቃ የለኝም። የምሠራው እኔው ነኝ።»

«እሺ፣ እሺ። አለቃሽ ሲመጣ ንገሪኝ።»

ፀዳል በንዴት ጦፋ ተመለሰች። ምግብ ቤቱ ውስጥ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ የሆነውን ስትናገር፣ አሰፋሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አለቃ ነው የሚፈልገው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አለቃ ጠፍቶ ነው? ይኸው ቤቱን ሞልቶ ሽሮ እየበላ!» አለችና ጭልፋዋን በሾፌሮቹ ላይ አዞረች። ጭልፋዋ ባንቴ ላይ ስትደርስ ቆመች። ባንቴ ከሁሉም በዕድሜ ጠና ያለ፣ ቦርጩም ሽበቱም ለሹመት የበቃ ሰው ነበር። «አንተ! ተነስ፣ እጅህን ታጠብ። ዋና ዳይሬክተር ሆነሃል።»

ጎረቤታቸው ዘከሪያ፣ የሰፈሩን ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚጠጋግነው ወጣት፣ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ያሰፋው ኮት ነበረው። ኮቱ መጣ። ባንቴ ለበሰው፤ እጅጌው ክንዱ መሃል ቀረ፣ ቁልፉም እሺ አላለም። ሰማያዊው ግድግዳ ሥር አቁመው ከደረቱ በላይ ብቻ ፎቶ አነሱት። ከዚያ ዘከሪያ ያንኑ ኮት መልሶ ለብሶ ተነሳና «የቴክኒክ ኃላፊ» ሆነ። አሰፋሽም ሽርጧን ፈትታ፣ ሻሿን አስተካክላ «የፋይናንስ ኃላፊ» ተባለች። ፀዳል የሥራ ማሳያ ገጿን ስትከፍት እነዚህን ሦስቱን «ባልደረቦቻችን» በሚል ርዕስ ከላይ ደረደረቻቸው። የራሷን ፎቶ ከሁሉም ታች አድርጋ «ጸሐፊ» ብላ ጻፈችበት።

መኪና አከራዩ ገጹን ሲያይ ፊቱ በራ። «አየሽ፣ ድርጅት ማለት እንዲህ ነው! አለቃችሁን ላግኛቸው?»

«ዋና ዳይሬክተሩ ጉዞ ላይ ናቸው» አለች ፀዳል። ውሸት አልነበረም፤ ባንቴ ያን ሰዓት ዲኪልን አልፎ ወደ ድንበሩ እያቀና ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረና ቀጠለ። ለሆቴል ሠራች፣ ለጥርስ ሐኪም ሠራች፣ ትልቁን የባሕር ዓሣ ሊያዩ ለሚመጡ ቱሪስቶች ጀልባ ለሚያከራዩ ወንድማማቾች ሠራች፣ ለትራንዚተሮችማ ስንቱን! ደንበኛ ሁሉ አንድ ቀን፣ «አቶ»ን በፈረንሳይ ወግ ለውጦ፣ «ሙሴ ባንቴ እንዴት ናቸው?» ማለቱ አይቀርም፤ እሷም «ጉዞ ላይ ናቸው» ትላለች። ከተማው ውስጥ ሙሴ ባንቴ አንድ ቦታ የማይረጋ ታላቅ ነጋዴ ተደርጎ መወራት ጀመረ።

የሥራ ማሳያ ገጿ ግን ከ2011 በኋላ አዲስ ነገር አልገባበትም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንደሚባለው፣ የሰው ገጽ ስታሳምር የራሷ አቧራ ለበሰ። «በቅርቡ ይጠብቁን!» የሚል ጽሑፍ በቀይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማን ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅም። አንዳንዴ «ዛሬስ አድሰዋለሁ» ብላ ትከፍተዋለች። ባንቴ በዘከሪያ ኮት ታንቆ እንደ ሚኒስትር ኮስተር ብሎ ሲያያት ሳቅ ያፈነዳትና ትዘጋዋለች።

በ2015 አንድ ረቡዕ፣ ከተማው በሙቀት ጸጥ ባለበት፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ በገባበት ከሰዓት፣ ስልኳ ጮኸ።

«የድረ ገጽ ሠራተኞቹ ናችሁ?» አለች አንዲት ሴት። አማርኛዋ የድሬዳዋ ቃና ነበረው።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ኢማን እባላለሁ። ፕላቶ ዱ ሰርፓን የትራንዚት ቢሮ አለኝ። አዲሱ ባቡር ሥራ ሳይጀምር ድረ ገጼን ማሳደስ እፈልጋለሁ። የእናንተን ገጽ አየሁት። ከአራት ዓመት ወዲህ ምንም አልሠራችሁም እንዴ? በሕይወት አላችሁ?»

«አለን! ብዙ ሠርተናል፣ ብቻ ገጹን…»

«እንግዲያው አስገቡና አሳዩኝ። እሑድ ጠዋት ቢሮዬ እንገናኝ። ዋና ዳይሬክተሩም ይምጡ።»

«ዋና ዳይሬክተሩ ጉዞ…»

«አውቃለሁ። ጉዞ ላይ እንደሚሆኑ አውቃለሁ» አለች ማዳም ኢማንና ስልኩ ተዘጋ።

የሴትዮዋ አነጋገር የሆነ ነገር ነበረው። ፀዳል ኮምፒውተሯን ከፍታ ገጿን እንደ እንግዳ ሰው ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችው። የመጀመሪያ ሥራዋን፣ የመኪና አከራዩን አድራሻ ስትጫነው በቻይንኛ የተጻፈ የዊግ መሸጫ ወጣባት፤ ሰውዬው ከነጋዴነት ወጥቶ አድራሻውን ሌላ ሰው ወስዶት ኖሯል። ሁለተኛው ሥራ ጭራሽ አልከፈት አለ። ከዚያ ወደ ታች ስትወርድ ራሷን አገኘች፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት፣ ፀጉሯን ሽቅብ ያሰረች፣ «ጸሐፊ» የተባለች ልጅ። ይህን ጊዜ ሳቅ አልመጣላትም።

«በቃ። ይህ ገጽ እንደ አዲስ ይሠራል። ባልደረቦቹም ከላዩ ይነሳሉ» አለች ለራሷ።

ሰውን ሳይነግሩ ማውረድ ነውር ነውና፣ በማግስቱ መጀመሪያ አሰፋሽን ልትነግራት ገባች። አሰፋሽ ሰማቻትና ጭልፋዋን አስቀመጠች። ጭልፋ ስታስቀምጥ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

«ከሥራ ልታባርሪኝ ነው?»

«እትዬ አሰፋሽ፣ ምን ሥራ? እርስዎ እኮ ምግብ ቤት ነው ያለዎት!»

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ይኼንንስ ምን ላድርገው?» ብላ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ፀዳል በየቀኑ የምታልፍበት ግድግዳ ነው፤ አስተውላው ግን አታውቅም። ገጹ በወረቀት ታትሞ፣ በመስታወት ተከድኖ፣ ከመላእክት ሥዕልና ከንግድ ፈቃዱ መሃል ተሰቅሏል። «ሾፌሮቹ ማን ብለው ነው የሚጠሩኝ? ፋይናንስ ብለው! ሒሳብ ላይ የሚጨቃጨቅ ሰው ሲመጣ ወደዚያ አሳየዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው ተጨቃጭቆ አያውቅም። አሁን ምን ብዬ ላውርደው?»

ዘከሪያ ደግሞ ባሰ። ፀዳል ያገኘችው ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ፣ መሰላል ላይ ተንጠልጥሎ የአንድ ሱቅ አየር ማቀዝቀዣ ሲፈታ ነው። ከሥር ሆና ነገረችው። ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

«ፀዳልዬ! በእናትሽ! አሁን አይሆንም!»

«ለምን?»

«ሁዳን ለትዳር ልጠይቅ ሽማግሌ ስሰድ እናቷ ምን አሉ መሰለሽ? ‹ሥራው ምንድን ነው?› ‹የቴክኒክ ኃላፊ ነው› አልናቸው። አላመኑም። ገጹን አሳየናቸው፣ ከነኮቴ። እሺ ያሉት ያኔ ነው!» ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ወይዘሮ ዙሌይካን አታውቂያቸውም። ሠርጉ በሚቀጥለው ወር ነው። ከሠርጉ በኋላ እንኳን ከገጹ ከከተማው አውጪኝ።»

«እሑድ ደንበኛ ታየዋለች፣ ዘከሪያ። ውሸት ይዤ አልገባም።»

«ውሸት? እኔ ቴክኒክ አይደለሁም?» አለና በእጁ ያለውን መፍቻ ወደ ሰማይ አነሳ።

የቀረው ባንቴ ነው። ጋላፊ፣ ድንበሩ ላይ ወረፋ ይዞ አገኘችው። ስልኩ ይቆራረጣል።

«ጋሽ ባንቴ፣ ገጼን ላድስ ነው። እና… ዳይሬክተርነቱን ላወርደው አስቤ ነበር።»

ከጀርባው የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ተሻርኩ ማለት ነው?»

«እንደሱ አይደለም፣ ማለቴ…»

«በእኔ ቦታ የሚተካው ማን ነው?»

ፀዳል ቃሉን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም ነበር።

«እኔ» አለች።

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ።»

«እንግዲያው ሕግ አለው» አለ ባንቴ፣ ድምፁን እንደ ባለሥልጣን ጎርነን አድርጎ። «ሥልጣን በስልክ አይለቀቅም። ቅዳሜ ለምሳ እደርሳለሁ። ርክክብ እናደርጋለን። አሰፋሽን በግ ትጣል በያት!» መስመሩ ተቋረጠ።

ዓርብ ቀን ፀዳል በሯን ዘግታ ሥራ ላይ ዋለች። ሥራዎቿን ልታስገባ ስትከፍታቸው ሌላ ጉድ ገጠማት። አሳምራ ያስረከበቻቸውን ገጾች ባለቤቶቹ እንደ ቤታቸው ግድግዳ ሲያጌጡባቸው ኖረዋል። የሆቴሉ ባለቤት የፊት ገጹ ላይ የልጁን የምርቃት ፎቶ ለጥፏል። የጥርስ ሐኪሙ የገዛ ፈገግታውን በትልቁ ሰቅሎ፣ ስልክ ቁጥሩን ጥርሱ ላይ ጽፎበታል። ጀልባ አከራዮቹ ወንድማማቾች ተጣልተው አንደኛው የሌላኛውን ፊት ከሁሉም ፎቶ ላይ ቆርጦ ጥሎታል፤ ባሕሩ መሃል እጅ ብቻ ቀርቷል። ይህን ሥራዬ ብሎ ለሰው ማሳየት ይከብዳል። እንደ ዕድል ሆኖ፣ ሥራ ባስረከበች ቁጥር የገጹን ምስል ማስቀረት ልማዷ ነበር። አሮጌ ፋይሎቿን በርብራ እነዚያን አወጣችና ከየሥራው ሥር «ባስረከብኩበት ቀን ይህን ይመስል ነበር» ብላ ቀኑን ጻፈችበት።

መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ሁለቱንም ጊዜ ዘከሪያ ሳይጠራ መጣ፤ አንዴ ከራሱ ቤት ገመድ ስቦ ሰጣት፣ ሁለተኛው ላይ ግን የትናንቱ ነገር ትዝ ብሎት አኩርፎ ነበርና ገመዱን አቀብሎ ሳይናገር ወጣ።

ከሁሉም ያስቸገራት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ድረ ገጽ እንሠራለን» ይል ነበር። «እንሠራለን»ን አጥፍታ «እሠራለሁ» ብላ ጻፈች። ትንሽ መሰለቻት፣ እርቃኗን እንደቆመች ሴት። አጠፋችው። «ይሠራል» አለች፤ ይህኛው ደግሞ ማንም የማይሠራው መሰለ። ውሃ ጠጥታ፣ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና «እሠራለሁ። ፀዳል እባላለሁ» ብላ ጽፋ፣ እንዳትመለስበት ቶሎ ወደ ታች አለፈች። ታች ግን እጇ ተያዘ። ሦስቱን ፎቶዎች ሰርዛ ባዶውን ስታየው የሰው ቤት የዘረፈች መሰላት። እንደገና አሰበችበትና ሦስቱንም በትንሹ ከግርጌ መለሰቻቸው፤ በዚህ ጊዜ በእውነተኛ ሥራቸው። አሰፋሽ ምግብ ቤቷ ከነአድራሻው ተጻፈላት። ዘከሪያ «የኤሌክትሪክና የአየር ማቀዝቀዣ ሠራተኛ፤ መብራት ሲጠፋ የሚደርስልኝ» ተባለ። ባንቴ ሥር «የረጅም መንገድ ሾፌር» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ምግብ ቤቱ ጢም አለ። አሰፋሽ እያጉረመረመችም ቢሆን በግ ጥላለች። ባንቴ የጋላፊን አቧራ እንኳ ሳያራግፍ፣ ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ከረቫት በሸሚዙ ላይ አስሮ ገባ። ሾፌሮቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው አጨበጨቡ። ባንቴ ብርጭቆ በማንኪያ መታ መታ አደረገ።

«የተከበራችሁ እንግዶች! በስድስት ዓመት የሥልጣን ዘመኔ አንድም ሠራተኛ አላባረርኩም። አንድም ስብሰባ ጠርቼ ሰው አላደከምኩም። ቢሮዬን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ከእኔ በፊትም ሆነ ከእኔ በኋላ እንዲህ ያለ ዳይሬክተር አይገኝም!»

«እውነት ነው!» አሉ ሾፌሮቹ ከየአቅጣጫው።

«ማኅተም እንዳላስረክብ ማኅተም የለኝም። ስለዚህ ይህን የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ተረከቢ» አለና ከአዲስ አበባ ያመጣውን አንድ ሣጥን አምቦ ውሃ አሸከማት። ከረቫቱንም ፈትቶ አንገቷ ላይ አጠለቀላት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አሰፋሽ ብቻ «እኔንስ ማን ነው የሚያሰናብተኝ?» እያለች ሥጋውን በኃይል ታማስላለች።

ሰው በልቶ ሲበተን ባንቴ እጁን ታጥቦ አጠገቧ ተቀመጠ። አሁን እየቀለደ አልነበረም።

«ፀዳል፣ ያን ገጽ መንገድ ላይ ለሾፌር ጓደኞቼ ሁሉ አሳያለሁ። ምን እያልኩ እንደማሳያቸው ታውቂያለሽ?»

«ዳይሬክተር ነኝ እያሉ ነዋ።»

«እሱማ አለ። ከዚያ ግን ወደ ታች ወርጄ አንቺን አሳያቸዋለሁ። ‹መሪውን የያዘችው ይህች ናት፤ እኔ ረዳት ነኝ› እላቸዋለሁ። ረዳት ጋቢና ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሾፌሯ ከኋላ ተጭና ስትሄድ ግን ደስ አይልም። ደግ አደረግሽ።»

ፀዳል ከሣጥኑ አንድ አምቦ ከፍታ ቀዳችለት።

እሑድ ጠዋት፣ ጅቡቲ ሳምንቱን ሥራ በምትጀምርበት ቀን፣ የባለሀብቶቹ ሰፈር ፕላቶ ዱ ሰርፓን ደረሰች። የማዳም ኢማን ቢሮ ሰፊ፣ የማቀዝቀዣው ብርድ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ነበር። ማዳም ኢማን ሃምሳውን የተሻገረች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ቀጭን ሴት ናት። ከፀዳል ትከሻ ኋላ ወደ በሩ ተመለከተች።

«ዳይሬክተሩስ?»

«ዳይሬክተሩ እኔ ነኝ፣ ማዳም። ሌላ ሰው የለም። ሥራውን ሁሉ ከመጀመሪያውም የሠራሁት ብቻዬን ነው።»

«ባንቴን ሻርሽው?»

«ያውቁታል?» አለች ፀዳል።

«እንዴት አላውቀውም! የእኔን ኮንቴይነር አይደል የሚጭነው!» ማዳም ኢማን መነጽሯን አወረደች። «ባለፈው ወር ጭነት አዘግይቶብኝ በስልክ ስጮህበት፣ ‹ማዳም፣ እባክዎ በአክብሮት ያናግሩኝ፣ እኔ እኮ የድርጅት ዋና ዳይሬክተር ነኝ› አለኝ። ‹የምን ድርጅት?› ብዬ ስጠይቀው ነገረኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ ብፈልግ፣ ኮት ለብሶ ተኮሳትሮ አገኘሁት!» ይህን ብላ ለራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳታስበው ያመለጣት ዓይነት ነበር። «ሁለታችሁን አንድ ላይ አስቀምጬ ምን እንደምትሉኝ ለማየት ጓጉቼ ነበር። አበላሸሽብኝ።»

ሥራው ላይ ግን አልሳቀችም። አዲሱን ገጽ ከፍታ አንድ በአንድ መረመረች። የጥርስ ሐኪሙ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች።

«ይህን ትናንት ራሴ ከፍቼ አይቻለሁ። እንዲህ አይመስልም።»

«አሁን አይመስልም። ካስረከብኩት በኋላ እሱ ለወጠው። ከሥሩ ቀኑን ጽፌዋለሁ።»

«ለምን የአሁኑን አላሳየሽም?»

«የአሁኑ የእሱ ሥራ ነው፣ ማዳም። እኔ የማሳየው የራሴን ነው።»

ማዳም ኢማን መልሱን ትንሽ አኘከችው። ከዚያ የትራንዚት ሥራን የማይመለከቱ ጥያቄዎችን ሳይቀር ስታዥጎደጉድ ቆየች፤ ፀዳል ግማሹን መለሰች፣ ግማሹን «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አለች። በመጨረሻ ማዳም ኢማን ሙሉውን ሥራ አልሰጠቻትም። መጀመሪያ የፊት ገጹን ብቻ ሠርታ እንድታሳያት ተስማሙ። ፀዳል ልትወጣ ስትነሳ ጠራቻት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ከአሁን በኋላ ስደውልልሽ ‹ጉዞ ላይ ነኝ› እንዳትይኝ።»

የፊት ገጹ ተሠራ፣ ተወደደ፣ ቀሪውም ተሰጣት። ግን ከዚያ በፊት አርሂባ ላይ ሌላ ማዕበል ተነስቶ ነበር። ሁዳ አዲሱን ገጽ ለእናቷ አሳየቻቸው። በማግስቱ ወይዘሮ ዙሌይካ ድርዓ የሚሉትን ረጅም ቀሚሳቸውን እያንሳፈፉ አሰፋሽ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሙ። ዘከሪያ ውስጥ ፓስታ እየበላ ነበር። ሹካው አየር ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነህ?»

«እማማ… ላስረዳዎት…»

«አየር ማቀዝቀዣ ትሠራለህ?»

«አዎ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ይኸን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለህ! ኃላፊ ነው ሲሉኝ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው መስሎኝ ልጄን ምን ያበላት ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ! የእኔ መኝታ ቤት ማቀዝቀዣ እኮ ከረመዳን ጀምሮ ሙቅ አየር ነው የሚተፋው። የእህቴም እንደዚያው። ሠሪ አጥተን እየተቀቀልን!» ድርዓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ተነስ፣ ፓስታው ይደርሳል።»

ዘከሪያ ከዚያን ቀን እስከ ሠርጉ ድረስ ያረፈበት ዓርብ የለም። የወይዘሮ ዙሌይካ ዘመድ ብዛቱ፣ ዘመዱ ሁሉ ደግሞ ማቀዝቀዣ አለው። «ቴክኒክ ኃላፊ እያለሁ ነበር ሰው የነበርኩት» እያለ ለፀዳል ያማርራል፤ ፊቱ ግን የሚያማርር ሰው ፊት አይደለም። አሰፋሽም ኩርፊያዋን ረሳችው። በገጹ ላይ አድራሻዋን አይተው ሁለት የመርከብ ወኪል ሠራተኞች ምሳ ሊበሉ መጥተው ነበርና፣ «ለካ ይኼ ነገር ሰው ያመጣል!» ብላ የምግብ ቤቷ ስም ፊደሉ ከፍ እንዲል አዘዘች። ፀዳል ከፍ አደረገችው።

ፀዳል ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣች፤ ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው ደንበኛው ሲረከበው ሳይሆን በእሷ ገጽ ላይ ሲወጣ ነው። አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ሙቀቱ ሲበረታ ሁለት ሦስት ሥራ ይከማችባታል። በ2018 መጀመሪያ፣ አዲሱ ባቡር መንገደኛ ማመላለስ በጀመረ ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ድረ ገጽ ካልኖረኝ አለ። ከመጡት ደንበኞች አንዱ ሽመክት የሚባል ፍየል ነጋዴ ነው። ፍየሎቹን አንድ በአንድ ፎቶ አስነሳና ለሽያጭ ገጹ ላይ አወጣቸው። ፀዳልም በደንቧ መሠረት የገጹን ምስል በሥራ ማሳያዋ ላይ አወጣችው።

ሳምንት አልሞላም፣ በጠዋት ስልክ ደወለ።

«እቴ፣ ያቺ ነጯ ፍየል ተሸጣለች። አውርጃት።»

«ከእርስዎ ገጽ ትናንት አወረድኳት እኮ፣ ጋሼ።»

«ከእኔማ ወርዳለች። ካንቺ ገጽ ላይ ነው ያለችው። ሰው እዚያ አይቷት እየመጣ ‹ነጯን አምጣ› እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። የሌለችን ፍየል ከየት ላምጣ?»

«እሱ እኮ ባስረከብኩበት ቀን የነበረውን ነው የሚያሳየው። ከሥሩ ቀኑን ጽፌዋለሁ።»

«ፍየል የሚገዛ ሰው ቀን አያነብም፣ ልጄ።»

ፀዳል ልትከራከር አፏን ከፈተችና ተወችው። ኮምፒውተሯን አስነሳች፣ ነጯን ፍየል ከምስሉ ላይ ሸፈነቻት። የቀሩትን እያየች ጠየቀችው፤

«ጥቁሯስ? ቀንዷ የተሰበረው?»

«እሷ አለች። እሷን የሚገዛ የለም፤ ከፊት አምጫት እስቲ።»

ፀዳል ጥቁሯን ፍየል ከፊት አመጣቻት።